ጥያቄና መልስ፦ በእንክብሉ መሐል የሚባክነው ኮባልት

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ስለተጀመረው የፊሸር-ትሮፕሽ ሂደት፣ ማለትም ከካርቦን ሞኖክሳይድና ከሃይድሮጅን ሃይድሮካርቦን ስለማምረት፣ ከጎጃም ተማሪዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ከባሕር ዳር፦ መምህር፣ ኮባልቱ ያው ከሆነ የካታሊስቱ (ሂደቱን የሚያፋጥነው፣ ኮባልት ያለበት) እንክብል መጠን ምርቱን ለምን ይለውጠዋል?

ሥራ ላይ ያለ እንክብል ቀዳዳዎቹ የሚሞሉት ራሱ በሠራው ፈሳሽ ሰም ነው። ጋዞቹ በዚያ ሰም ውስጥ ሰርገው መግባት አለባቸው፤ ሃይድሮጅን ደግሞ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ይልቅ ፈጣን ነው። እንክብሉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ገና ከጠርዙ ሳይርቅ ሊያልቅ ይችላል። ከውጭ 2 እጅ ሃይድሮጅን ለ1 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ የገባው ድብልቅ ወደ መሐል ሲዘልቅ ሃይድሮጅን ብቻ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሃይድሮጅን ሲበዛ የካርቦን ሰንሰለቱ ሳያድግ ይቋረጣል፤ ናፍጣና ሰም መሆን የነበረበት ካርቦን ሚቴን ሆኖ ይወጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ብዙ ፋብሪካዎች ጋዙን የሚያገኙት ሚቴንን በከፍተኛ ሙቀት ሰባብረው ነው። ያን ሁሉ ከደከሙ በኋላ ተመልሶ ሚቴን!

ከደብረ ማርቆስ፦ እንግዲያው የጋዞቹ መዘግየት ሁልጊዜ ጉዳት ነው?

አይደለም። አዲስ የተሠሩት ኦሌፊኖች (ድርብ ቦንድ ያላቸው ሃይድሮካርቦኖች) ለመውጣት ሲዘገዩ እንደገና ኮባልቱ ላይ ያርፉና ሰንሰለታቸውን ይቀጥላሉ። ይህ ረጃጅሞቹን ሞለኪውሎች ያበዛል። ጉዳቱ የሚጀምረው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሐል ላይ ሲጠፋ ነው።

ከቡሬ፦ ታዲያ አድቅቀን ለምን አንገላገልም?

በቱቦ ውስጥ የታጨቀ ዱቄት ጋዝ አያሳልፍም፤ ግፊቱን ይበላዋል። ስለዚህ አንዳንዶች ኮባልቱን በእንክብሉ ላይ እንደ ስስ ቅርፊት ብቻ ይቀቡታል። ሌሎች ዱቄቱን በፈሳሽ ሰም ውስጥ አንሳፍፈው ጋዙን ከሥር ያንፈቀፍቁታል፤ ፈተናው ዱቄቱን ከሰሙ መለየት ነው።

ከባሕር ዳር፦ የጣና እምቦጭ ለዚህ ይሆናል?

ጋዝ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ ማድረቁ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ድኙም መጣራት አለበት፤ ኮባልትን ይመርዛል።

ከደብረ ማርቆስ፦ በአነስተኛ ላቦራቶሪ ችግሩን እንዴት እንለየው?

እንክብሉን ፍጩት። በእኩል ክብደት፣ ሙቀት፣ ግፊትና የጋዝ ፍሰት ስትሞክሩት ፍጥነቱ ከጨመረና ሚቴኑ ከቀነሰ እንክብሉ መሐሉን ያስርብ ነበር ማለት ነው። ሂደቱ ብርቱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ግን ካታሊስቱን በሲሊኮን ካርባይድ (በሂደቱ በማይሳተፍ ጠንካራ ቁስ) ቀላቅላችሁ አሳሱት፤ አለበለዚያ የግለቱን ለውጥ የመጠኑ ለውጥ አድርጋችሁ ታነባላችሁ።