ድርጅቴ ስሙ ጠፋ፤ ከሳሹ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለኝ። 90 በመቶው ድርሻ የእኔ ነው። አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ «አጭበርባሪ ድርጅት ነው» ብሎ ከጻፈ ወዲህ ደንበኛ ሸሽቶናል። ጓደኛዬ «ድርጅት ሰው አይደል፤ ምን ስም አለውና ነው የሚጠፋው?» ይለኛል። ድርጅት እንደ ሰው መብት አለው? ወይስ በራሴ ስም ልክሰስ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ግማሹን ልክ ናቸው። ድርጅት አያገባም፣ አይወልድም፣ ቢያጠፋም ወህኒ አይወርድም። ንብረት ማፍራት፣ መዋዋል፣ መክሰስና መከሰስ ግን ይችላል። ሕግ የሰውነት መብት ሰጥቶታል። መልካም ስሙንም ይጠብቅለታል፤ ገበያ የሚያመጣለት እሱ ነዋ።

የትኛው መብት ለድርጅት ይሆናል የሚለው ግን እንደ መብቱ ዓይነት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ኩባንያዎች በምርጫ ሰሞን ሐሳባቸውን ለመግለጽ ገንዘብ ማውጣት መብታቸው ነው አለ። ብዙ ሰው እስካሁን ይነታረክበታል። በዓመቱ ያው ፍርድ ቤት፣ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ በመንግሥት እጅ ያሉ ሰነዶች «የግል ሕይወቴን ይነካሉ» ብሎ እንዳይገለጡ ሲከራከር፣ ሰው የመንግሥትን ሰነድ ጠይቆ እንዲያይ በሚፈቅደው የመረጃ ሕግ ኩባንያ የግል ሕይወት የለውም ብሎ መለሰው።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስመጣ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የድርጅቱ መብት የድርጅቱ ነው፤ የእርስዎ አይደለም። 90 በመቶ ይቅርና መቶ በመቶ ቢይዙም ያው ነው።

ማካውራ የሚባል ባለርስት የነበረውን ግንድ ሁሉ ለራሱ ኩባንያ ሸጠ። አክሲዮኑ በሙሉ በእሱ እጅ ነበር ማለት ይቻላል። ኢንሹራንሱን ግን በራሱ ስም ገባ። እሳት ተነስቶ አብዛኛው ግንድ ተቃጠለ። ካሳ ሲጠይቅ፣ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1925 «ግንዱ የኩባንያው ነው፤ አንተ የተቃጠለብህ ነገር የለም» ብሎ ባዶ እጁን ሰደደው። ጨካኝ ይመስላል። ግን ኩባንያው ባለዕዳ ቢሆን ኖሮ ማካውራ ራሱ እሱንና ኩባንያውን በሚለየው በዚሁ ግድግዳ ተከልሎ «እዳው የእኔ አይደለም» ይል ነበር። ሲመች ብቻ ግድግዳውን ማፍረስ አይቻልም።

ስለዚህ ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ድርጅቱ ብቻ ከሆነ ከሳሹ ድርጅቱ ነው፤ የቀረው ገቢም የእሱ ኪሳራ ነው። እርስዎ በስምዎ ከተጠሩ፣ ወይም አንባቢ «እሱን ነው» ብሎ የሚያውቅዎ ከሆነ፣ የራስዎን ክስ ማቅረብ ይችላሉ። ንግዱ ማኅበር ሳይሆን በግል ስምዎ የወጣ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።

የስም ማጥፋት ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝና በዌልስ ለምሳሌ ከ2013ቱ ሕግ ወዲህ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ከባድ የገንዘብ ጉዳት እንደደረሰበት ወይም ሊደርስበት እንደሚችል ማሳየት አለበት። ድርጅት ስለማያዝን «ስሜቴ ተጎዳ» ብሎ ካሳ መጠየቅ አያዋጣውም። የትም ይሁኑ የት፣ ሰውዬው ሳያጠፋው ጽሑፉን ከነቀኑ ስክሪንሾት ያንሱ። ከጽሑፉ በፊትና በኋላ ያለውን የሽያጭ መዝገብ ያውጡ። ትእዛዝ የሰረዙ ደንበኞች መልእክት ካለ አይሰርዙት። ክሱን በድርጅቱ ስም የሚፈርመው ማን እንደሆነም መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይዩ፤ ሥልጣን የሌለው ሰው የፈረመው ክስ ዋናው ክርክር ሳይጀመር ገና በተከሳሹ መቃወሚያ ሊወድቅ ይችላል።