ድምፅ አልባዎቹ ኮሜዲዎች የት ገቡ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን! የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ከልጆቼ ጋር በስልኬ የድሮ ድምፅ አልባ ኮሜዲ እናያለን። ቋንቋ ስለማይፈልግ ትንሿ ልጄ ሳትቀር በሳቅ ፍርስ ትላለች። ግን አቦ፣ ሰዎቹ ለምንድነው እንደዚያ የሚጣደፉት? ደግሞስ የአንዳንዶቹ ስማቸው ብቻ ቀርቶ ፊልሙ የማይገኘው ለምንድነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥድፊያው በአብዛኛው የማሳያው ፍጥነት ያመጣው ነው። ያኔ ካሜራው በእጅ ስለሚዞር በሰከንድ 16 ወይም 18 ምስል ገደማ ነበር የሚቀርጸው። ድምፅ ሲመጣ 24 መደበኛ ሆነ፤ የድሮውን በዚህ ፍጥነት ካሳየኸው ሁሉም ይሮጣል። አንዳንዴ ግን ለማሳቅ ሆን ብለው ያፋጥኑት ነበር። ፍጥነቱ የተስተካከለ ቅጂ ፈልግ፣ የሰዎቹን ችሎታ ያኔ ታየዋለህ።

ለምሳሌ የዚያን ዘመን ኮሜዲያን ባስተር ኪተንን ውሰድ። በፈረንጆቹ 1928 በወጣው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ላይ የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ ሙሉውን ተገንድሶ ይወድቅበታል። እሱ የቆመው ልክ ክፍቱ መስኮት በሚያርፍበት ቦታ ነውና ግድግዳው ሳይነካው ያልፋል። ግድግዳው ከባድ ነው፣ የቆመውም ራሱ ኪተን እንጂ ምትክ ሰው አይደለም፤ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ኖሮ አልቆለት ነበር! ከትልቅ ሰዓት ላይ ተንጠልጥሎ የምታየው ሃሮልድ ሎይድም ከዚያ ፊልም በፊት፣ በ1919፣ በፍንዳታ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት አጥቶ ነበር። ጉዳቱን በጓንት ሸፍኖ ነው የሠራው። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ያንን ትዕይንት ትንፋሼን ሳልይዝ አይቼው አላውቅም።

ስለጠፉት ደግሞ፣ የዚያን ጊዜ ፊልም ናይትሬት ከሚባል ኬሚካል የተሠራ ስለሆነ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘውም ይበሰብሳል። በድሬ ፀሐይ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን አስበው! የሚያናድደኝ ግን የሰው እጅ ያጠፋው ነው። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ባለቤቶቹ «ገበያ የለውም» ብለው ብዙውን ጣሉት፣ ውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣትም አቃጠሉት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በፈረንጆቹ 2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ እዚያ ከተሠሩት 11,000 ገደማ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው ተሟልተው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

ደግነቱ ከጠፉት አንዳንዶቹ አሁንም ይገኛሉ። ሁለቱ ኮሜዲያን ሎሬልና ሃርዲ በፈረንጆቹ 1927 የሠሩት፣ መንደሩ ሁሉ ኬክ የሚወራወርበት አጭር ፊልም አብዛኛው ጠፍቶ ቆይቶ ሁለተኛው የፊልም ጥቅል በፈረንጆቹ 2015 ከአንድ ሰብሳቢ ክምችት ውስጥ ወጣ። ለትንሿ ልጅህ መጀመሪያ እሱን ክፈትላት።