የበራና የተሳሳተ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ «መብራት ሲሄድ የሚላክልን ኢሜይል ሁሉ ይጠፋል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባሕር ዳር ላይ ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይል የሚቀበልና የሚልክ ማሽን፣ ለሚጠብቅ ሰው ጭንቀቱ አዲስ አይደለም። እኔን ግን የጠፋ ሰርቨር ብዙም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ የበራና የተሳሳተ ነው።

ከጣና ዳር ወደ ዘጌ ለሚሻገር ባለጀልባ ደብዳቤ ብትሰጡ ከሦስት አንዱን ይላችኋል። «እሺ፣ አምጡ» ካለ አደራው ከእናንተ ወደ እሱ ዞረ። «አሁን ነፋስ አለ፣ ቆየት ብላችሁ ኑ» ሊልም ይችላል። «እንዲህ የሚባል ሰው እዚያ የለም» ካለ ግን ነገሩ አበቃ። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሻገርበት ኤስኤምቲፒ የሚባለው ደንብም በ1982 እ.ኤ.አ. ከተጻፈ ጀምሮ የሚነጋገረው እንዲሁ ነው፦ 250 ተቀብያለሁ፣ በ4 የሚጀምር ቆይተህ ሞክር፣ በ5 የሚጀምር አትድከም። 250 ካላችሁ በኋላ መልእክቱ ቢጠፋ አደራ በላዎቹ እናንተ ናችሁ። ሰርቨራችሁ ጠፍቶ ከሆነ ግን ላኪው መልስ ስለማያገኝ መልእክቱን ወረፋው ላይ አቆይቶ ደጋግሞ ይሞክራል። ፖስትፊክስ የሚባለው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ቅንብሩን ካልነካካችሁት 5 ቀን ይታገሳል።

እኔን ያሳፈረኝ 550 ነው። በወጣትነቴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ማታ ሰርቨሩን ወደ አዲስ ማሽን አዛወርኩ። ለራሴ ኢሜይል ላክሁ፣ ደረሰ፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ግን ግማሹን ብቻ ነበር የገለበጥኩት። ሰኞ ረፋድ ላይ ከግዥ ክፍል አንዲት ወይዘሮ ስልካቸውን እንደያዙ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ከሥራ ተባርሬአለሁ እንዴ?»

ዋጋ የላኩላቸው ነጋዴዎች «ተጠቃሚው አይታወቅም» የሚል ምላሽ ደርሷቸው እየደወሉ ነበር። ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ሎጉን፣ ስከፍተው 550፣ ከሥሩ 550፣ ከሥሩም 550። ደብዳቤዎቹ እኔም ጋ የሉም፣ የላኪዎቹም ወረፋ ላይ የሉም። ማሽኑን አጥፍቼው ሄጄ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በሰላም በደረሱ።

ፖስትፊክስ በሚያነበው ሜይን ዶት ሲኤፍ (main.cf) የተባለ የቅንብር ፋይል ውስጥ ሶፍት ባውንስ (soft_bounce) የምትባል አንዲት መስመር አለች። «የስ» ካላችኋት በ5 ሊመለስ የነበረው ሁሉ በ4 ይመለሳል፤ ስህተታችሁን እስክታርሙ ላኪው ይጠብቃችኋል። ሰርቨር ስታዛውሩ መጀመሪያ እሷን ጻፉ። ከዚያ ሎጉን ሁለት ሦስት ቀን በዓይናችሁ አንብቡ፤ የተመለሰው ሁሉ በእርግጥ መመለስ ያለበት ሲሆን «ኖ» አድርጓት። ረስታችሁ ከተዋችኋት የማይገባው ሁሉ ቀኑን ሙሉ በር ሲያንኳኳ ይከርማል። ለራስ ልኮ «ደረሰ» ማለትንም ፈተና አትበሉት። የምትፈሩት ለሌላው ሰው ነው፤ ወደ እሱ አድራሻ ልካችሁ ሞክሩ።

ኢሜይል በእርግጥ ከላኪው መምጣቱን የሚያጣሩትን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚባሉትን ማንም ያስተምራችኋል፤ ያስፈልጋሉም። እነሱ ሲጎድሉ ግን በዋናነት የሚጎዳው እናንተ የምትልኩት ነው። እኔ ያስጨነቀኝ ሰው አምኖ ለእናንተ የላከው ነው።

ወይዘሮዋ ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። አልፎ አልፎ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር እንገናኛለን። ሰላም ሳይሉኝ በፊት «ዛሬስ አለሁ?» ይሉኛል።