«ገንዘባችን» የት ገባ?

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ከሥራ ከወጣ ሰባት ወሩ ነው። ድሮ ሁለታችንም ስለምንሠራ ገንዘባችን ይበቃን ነበር። አሁን ኪራዩም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም እኔ ላይ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ደብተር ገዝቼ ወጪ መመዝገብ ጀመርኩ። እሱ ግን ከገንዘቤ የሰጠሁትን ምን ላይ እንዳዋለው አይነግረኝም። በቀደም የጓደኞቹን ሂሳብ እንደከፈለ ከሰው ሰማሁ። ስጠይቀው ተቆጥቶ ወጣ። ገቢያችን እንደቀነሰ እንዴት ላስረዳው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሰባት ወር ሙሉ ቤት ለብቻ መሸከም ቀላል አይደለም። ወጪ መመዝገብሽም ትክክል ነው። ግን ገቢው መቀነሱን ባለቤትሽ ያውቃል። ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ጠዋት አንቺ ወደ ሥራ ስትወጪ ቤት የሚቀረው እሱ ነውና።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ አንድ ቃል ያዘኝ። ስለ ድሮው ስትጽፊ «ገንዘባችን» አልሽ። ስለ አሁኑ ስትጽፊ «ገንዘቤ» ሆነ። ሆን ብለሽ እንዳልሆነ አልጠራጠርም። ግን ይህን ለውጥ እሱም የሚሰማው ይመስለኛል። አፍ አውጥተሽ ባትናገሪውም፣ ደብተሩ በተገለጠ ቁጥር ይሰማዋል። አንቺ ጠያቂ፣ እሱ መላሽ ሆናችኋል። ሁልጊዜ መልስ የሚጠየቅ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ መደበቅ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማሪየንታል በምትባል የኦስትሪያ መንደር ፋብሪካው ተዘግቶ አብዛኛው ሰው ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር እዚያ ሄዳ ኑሯቸውን አጠናች። ካዩት ነገር ውስጥ እኔን ሁሌም የሚነካኝ አንዱ ነው። ምግብ እጅግ አስፈላጊ በሆነበት ሰዓት፣ ድንች ሊበቅልበት በሚችል ቁራሽ መሬት ላይ አበባ የሚተክሉ ሰዎች ነበሩ። በሂሳብ ካየነው ስህተት ነው። ለእነሱ ግን ዛሬም እንደ ሰው መኖራቸውን የሚነግራቸው ነገር ነበር።

ሥራ ያጣ ሰው የሚያጣው ደመወዙን ብቻ አይደለም። ተነስቶ የሚሄድበትን ቦታ ያጣል። የሚያዋራውን ሰው ያጣል። «ምን ትሠራለህ?» ሲሉት የሚመልሰውን ያጣል። ባለቤትሽ ያን ቀን «እኔ እከፍላለሁ» ሲል ምናልባት ለጥቂት ደቂቃ የድሮው ሰው ሆኖ ነበር። መደበቁ ልክ ነው እያልኩሽ አይደለም። አንቺ በጭንቅ የምታብቃቂውን ገንዘብ ነው ያወጣው፤ መናደድሽ ይገባኛል። ግን አባካኝ ነው ብለሽ ከተነሳሽ ሕመሙን ትስቺዋለሽ።

ሌላም ነገር አለ። «እንቅልፍ አጥቻለሁ» ያልሽው በኪራዩና በደብተሩ መሃል ነው፤ ጣል አድርገሽው አለፍሽ። ይህን ለእሱ ነግረሽዋል? ደብተሩን አሳይተሽዋል እንጂ ፍርሃትሽን ያሳየሽው አልመሰለኝም። «ስንት አወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ «እኔም ፈርቻለሁ» የሚል ነገር ተደብቆ ከሆነ፣ እሱ የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ለሁሉም ቤት ይሠራል ባልልም ይህን ብትሞክሩትስ? ደብተሩን አብራችሁ ያዙት። በሳምንት አንዴ፣ ሁለታችሁም ባልደከማችሁበት ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቀድሞ የማይቀረውን ጻፉ፦ ኪራይ፣ ምግብ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕዳ ካለም ዕዳ። የተጠራቀመ ገንዘብ ካላችሁ በየወሩ ለሚጎድለው አካፍሉት፤ ስንት ወር እንደሚያቆያችሁ ታያላችሁ። ትንሽም ብትሆን ለእሱም ለአንቺም «ምን ላይ ዋለች?» የማትባል ገንዘብ ትኑር። በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ቢል አትጫኚው፤ ሰባት ወር የቆየ ዝምታ በአንድ ምሽት አይፈታም።

እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተዛባ፣ ከሰው ከራቀ፣ «ምን እረባለሁ» ማለት ካበዛ ግን ጉዳዩ ከወጪ አልፏልና ባለሙያ ይየው። ስለ ሞት ካነሳ ዛሬውኑ ይዘሽው ሂጂ። እንዲያ ባይሆንም ምክር አብራችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል፤ እኔ እስካሁን የሰማሁት አንቺን ብቻ ነውና። አልሄድም ካለሽ አንቺ ቀድመሽ ጀምሪ። ያጣሽው እንቅልፍ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።