የአንባቢያን ጥያቄ፦ ደሙ የማይቆምለት ልጅ

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ በተወለደ በ8ኛው ቀን ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ሆስፒታል ገባ። በኋላ ሄሞፊሊያ ኤ ነው ተባልን። ወንድሜም በዚሁ ሕመም ልጅ ሳለ ጥርሱ ተነቅሎ ደም ፈሶት ነው የሞተው። አሁን የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የባለቤቴ ዘመዶች ከእኔ ወገን የመጣ እርግማን ነው ይላሉ። ሁለተኛውስ እንዲህ ይሆን?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህታችን፣ እርግማን አይደለም፤ እርስዎም ያጠፉት ነገር የለም። ደም ከሚያረጉት ፕሮቲኖች አንዱ፣ ፋክተር 8፣ በልጅዎ ሰውነት በበቂ አይመረትም። ይህን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረ መል ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ እሱ ከተበላሸ መተኪያ የለውም። ወንድምዎም ልጅዎም ከታመሙ እርስዎ ተሸካሚ ነዎት፤ ማለትም ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞሞችዎ አንዱ የተበላሸውን ዘረ መል ይዟል። የሚወለደው ወንድ ከሆነ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሴት ከሆነችም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ያው ነው። ለዘመዶችዎ ይህንንም ይንገሩልን፦ ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ በቤተሰባቸው ከነሱ በፊት ማንም ያልታመመባቸው ናቸው።

ለሚከታተልዎት ሐኪም ዛሬውኑ ይንገሩ። ሕፃኑን በቫክዩም ወይም በፎርሴፕስ ስቦ ማውጣት ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል መወገድ አለበት። ከእትብቱ ደም ተወስዶ ፋክተር 8 ይለካ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ የቫይታሚን ኬ መርፌ ጡንቻ ላይ አይወጋ፣ በአፍ መስጠት ይቻላል። የእርስዎ ፋክተርም በእርግዝና ወቅት ከፍ ብሎ ከወለዱ በኋላ ስለሚወርድ፣ ደም ከበዛብዎ ቤት አይቆዩ።

ውጤቱ ሳይታወቅ ግን ግርዛት አይታሰብ። 8ኛው ቀን ቢያልፍ ምንም አይደለም። በጥንቱ የአይሁድ ታልሙድ እንኳ ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው የሞቱበት ሕፃን እንዳይገረዝ ተደንግጓል። ሕመሙ ካለበት ግርዛቱ ፋክተር 8 (የጎደለውን ለመተካት በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት) ተዘጋጅቶ በሆስፒታል ብቻ ይሁን። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ጭራሽ አይሞከር።

የ3 ዓመቱን ልጅ በተመለከተ በጣም የምንፈራው መገጣጠሚያውን ነው። ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ሲሞቅና ማነከስ ሲጀምር፣ ገና ሳያብጥ፣ ውስጡ እየደማ ነው። ወለምታ መስሏቸው ለወጌሻ የሚያሳሹት ብዙ ናቸው፤ እሽታው መድማቱን ያብሳል፣ ደጋግሞ የደማ መገጣጠሚያም ይደርቃል። እግሩን ከፍ አድርገው ያሳርፉት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያድርጉለት፣ ፋክተሩንም በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲያገኝ ይጣሩ። በኪሎ ክብደቱ 1 ዩኒት (የፋክተር መለኪያ) ሲሰጥ በደሙ ያለውን የፋክተር መጠን 2 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ 14 ኪሎ የሚመዝነውን ልጅ 40 በመቶ ለማድረስ 280 ዩኒት ያስፈልጋል። ስለዚህ የቅርብ ጊዜ ክብደቱን ከሕመሙ ስም ጋር ጽፈው ካርዱ ላይ ያያይዙ።

ጭንቅላቱን ከተመታ ደህና ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ፋክተሩ ከራጅም ከሲቲ ስካንም ይቀድማል። ለሕመም ፓራሲታሞል ብቻ እንጂ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይስጡት። ክትባቱን አያስቀሩ፤ በቀጭን መርፌ ይወጋ፣ ቦታው ሳይታሽ 10 ደቂቃ ተጭኖ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ልጄ በትንሽ ነገር ይበልዛል። ሲቢሲ ተመርምሮ ደህና ነው ተባልን። ይበቃል?
አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይበቃም። ሲቢሲ የደም ሴሎችን ይቆጥራል እንጂ ፋክተርን አይለካም። ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩትን፣ ፒቲ እና ኤፒቲቲ የተባሉትን ምርመራዎች ይጠይቁ፤ ፒቲ ደህና ሆኖ ኤፒቲቲ ከረዘመ ቀጥሎ ፋክተር 8 እና 9 ይለኩ። ቀላል ሄሞፊሊያ ሲሆን ኤፒቲቲም ደህና ሊመስል ስለሚችል፣ በእናቱ ወገን ደም የማይቆምለት ወንድ ካለ ፋክተሮቹ በቀጥታ እንዲለኩ ለሐኪሙ ይንገሩ።