ጎረቤታሞች የማይተዋወቁት ሰው ስለ ከፋ ነውን?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ከነበረን የቀበሌ ቤት ወጥተን ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ዓመታት አልፈዋል። በቀድሞው ግቢ የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይውልም ነበር፤ እዚህ ከፊት ለፊታችን ማን እንደሚኖር እንኳ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ «እማዬ፣ ይህ የሶሲዮሎጂ ጥያቄ ነው» ትለኛለች። ሰው መክፋቱን ለማወቅ ትምህርት ያስፈልጋልን?
አንዲት እናት፣ ከልደታ

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት፤ ሆኖም ሶሲዮሎጂ የሰውን ደግነትና ክፋት ከመመዘኑ በፊት፣ የሚኖርበት ሥርዓት ምን እንዲያደርግ እንደሚያስገድደውና ምን እንደሚያመቻችለት ይመረምራል። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናት፣ ፈጽሞ የግል የሚመስለው ራስን ማጥፋት እንኳ ከአገር አገር የተለያየ፣ በአንድ አገር ውስጥ ግን ከዓመት ዓመት ብዙም የማይዋዥቅ መጠን እንዳለው አሳይቶ፣ ምክንያቱን ሰዎች እርስ በርስ ባላቸው ትስስር ውስጥ ፈልጓል።

የቀድሞ ግቢዎንም በዚሁ ዓይን እንየው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ በመሀል አዲስ አበባ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ውኃና ሽንት ቤት፣ አንዳንዴም ማድ ቤት እየተጋራ ለአሥርተ ዓመታት ኖሯል። ተራ መጠበቅ፣ የውኃ ሒሳብ ማዋጣት፣ ልጅን አደራ ማለት ሰውን ወደደም ጠላም ያስተዋውቀዋል። ጠቡም የዚያኑ ያህል ነበር፤ ትዝታ ግን ይህን ይዘለዋል። በኮንዶሚኒየም ቧንቧውም ምድጃውም ከበር ወዲህ ነው፤ ባለቤቱ በዕጣ የደረሰው፣ ተከራዩም የሚመጣና የሚሄድ ነው። ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ጊዮርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1903 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የትልቅ ከተማ ሰው ቁጥብ የሚሆነው በየቀኑ ከሚገጥመው የማያውቀው ሕዝብ ብዛት ራሱን ለመጠበቅ እንደሆነ አስረድቶ፣ ይኸው ቁጥብነት በትንሽ ከተማ የማይገኝ የግል ነፃነት እንደሚሰጠውም አክሏል።

የጎረቤት መረዳዳት ሲነሣ ብዙ ሰው እድርን የገጠር ኑሮ ቅሪት አድርጎ ያየዋል፤ እኔ አልስማማም። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት መዝገብ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ የሚመረጥ ዳኛና ገንዘብ ያዥ፣ ከቀብር ለቀረም መቀጫ ያለው የከተማ እድር፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በዝምድና ሳይሆን በደንብ ለመረዳዳት ያበጁት ዘመናዊ ተቋም ነው። ሰፈሩን ለቅቆ ለቀድሞ እድሩ መክፈሉን የማያቋርጥ ሰው የሚኖረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ግዴታው ከአጥር ይልቅ ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ ነውና። ልጅዎ የጥናት ርእስ ካጣች፣ ከሕንፃዎ ነዋሪዎች ማን በየትኛው ሰፈር እድር እንደሚከፍል፣ በአዲሱ ሰፈር እድርስ የሚመዘገበው ባለቤቱ ይሁን ተከራዩ ቤት ለቤት ትጠይቅ።