ወደ ዋርድ ለምትገቡ የሕክምና ተማሪዎች፦ ስለ ኮምፒውተሩ መዝገብ

ውድ ልጆቼ፣

ወደ ዋርድ፣ ማለትም ታካሚዎች ተኝተው ወደሚታከሙበት ክፍል፣ ስትገቡ መጀመሪያ ከሚሰጧችሁ ነገሮች አንዱ የታካሚዎች መዝገብ ያለበትን ኮምፒውተር የምትከፍቱበት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ በማሳየት ያበቃል፤ እናንተም ከእኛ ከአንጋፋዎቹ ይልቅ ጣታችሁ ፈጣን ስለሆነ በሁለት ቀን ትለምዱታላችሁ። የምጽፍላችሁ ሥልጠናው ስለማይነካው ጉዳይ፣ ማለትም በዚያ መዝገብ ላይ እያሰቡ ስለመጻፍ ነው።

እኔ የተማርኩት በወረቀት ካርድ ነው፤ ነገር ግን የጠፋ ካርድና የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ ሰው ሲጎዱ ስላየሁ ወረቀቱን አልናፍቅም። አሜሪካዊው ሐኪም ላውረንስ ዊድ እ.ኤ.አ. በ1968 መዝገብ በታካሚው ችግሮች ዙሪያ መደራጀት እንዳለበት ጽፎ ነበር። ታካሚው የተናገረው፣ እናንተ ያያችሁትና የለካችሁት፣ ግምገማችሁ፣ ዕቅዳችሁ የሚለው የዛሬው ቅደም ተከተል ከእርሱ ሐሳብ የወጣ ነው። ኮምፒውተሩ የላብራቶሪውን ውጤትና የሙቀቱን ልኬት በራሱ ይሞላላችኋል፤ ግምገማውን ግን የትናንቱን ካልገለበጣችሁ በቀር ባዶ ይተወዋል።

መገልበጡ ምን እንደሚያስከትል የተማርኩት እኔው ራሴ ጥፋተኛ ሆኜ ነው። ኮምፒውተሩ በገባልን በመጀመሪያው ዓመት፣ የዋርዱ ኃላፊ ሐኪም ሳለሁ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አንድ አዛውንት የሽንት ካቴተር (ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) ገብቶላቸው ነበር። ታካሚዎቹን እየዞርን በምናይበት በጠዋት ራውንድ ላይ ነርሷ «ዶክተር፣ የእኚህ አባት ካቴተር መቼ ነው የሚወጣው?» ብላ ስትጠይቀኝ ስክሪኑን አየሁና «ገና 2ኛ ቀኑ ነው» አልኳት። እርሷም አልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን የክትትል ወረቀት አንስታ ቀኖቹን በጣቷ እየቆጠረች አሳየችኝ፤ 8ኛ ቀኑ ነበር። ተማሪው የመጀመሪያውን ጽሑፍ በየጠዋቱ ሲገለብጥ፣ ሬዚደንቱ (በስፔሻሊስትነት የሚሠለጥነው ሐኪም) ሲፈርም፣ እኔም በእጄ ሲያልፍ ሳጸድቅ «2ኛ ቀን» የሚለው ቃል ባለበት ቆሞ ቀርቷል። ካቴተር በቆየ ቁጥር የኢንፌክሽን አደጋው በየቀኑ ይጨምራል፤ አዛውንቱንም ትኩሳት ጀምሯቸው ነበር። ፊርማዬ ከሥር ስላለ ተማሪውን ልቆጣው አልቻልኩም።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ታካሚውን እዩ፤ ምርመራውንና ግምገማውን በባዶ ሳጥን ላይ ጻፉ፤ ከትናንት ወዲህ የተለወጠውንም በራሳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። በመዝገቡ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ካልተሰጣችሁ (በብዙ ቦታ አይሰጥም) በማስታወሻ ደብተራችሁ የታካሚውን ስም ሳትጠቅሱ ጻፉና ሬዚደንቱ ከጻፈው ጋር አስተያዩት። እኔ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

የመድኃኒት ትዕዛዝ ሲሆን ከመጠኑ ባልተናነሰ የጊዜውን ሳጥን ተጠራጠሩ። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ብግነት ሲሰጥ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዝርዝሩ ላይ «በየቀኑ» የሚለው በስህተት ቢመረጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ኮምፒውተሩ ያስጠነቅቅ ይሆናል፤ ሆኖም ለትንሹም ለትልቁም ስለሚያስጠነቅቅ እጃችን ሳናነብ መዝጋት ይለምዳል።

የማትከታተሉትን ሰው መዝገብ፣ የጓደኛችሁም ቢሆን፣ አትክፈቱ፤ ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘገባል። የይለፍ ቃላችሁንም ለቸኮለ ሬዚደንት አታውሱ።

በመጨረሻ፣ ስክሪኑን ወደ ታካሚው አዙሩት። የመድኃኒቶቹን ዝርዝር አንድ በአንድ አንብቡለትና «ይህን አሁንም ይወስዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እሱንማ ካቆምኩት ዓመት አለፈኝ» የሚላችሁ ታካሚ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ እርሱ እያየ ዝርዝሩ እንዲታረም ለሬዚደንቱ ንገሩ።